ፎርማት ከማድረግ በፊት የማሽኑን ቁልፍ ማንበብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከዱባይና ከአሜሪካ የሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሕጋዊ የዊንዶውስ ፈቃድ ይዘው ነው የሚመጡት። ጫኚው ግን በእጁ ያለውን ፍላሽ ሰክቶ ሌላ ዓይነት ዊንዶውስ (ለምሳሌ በሆም ፋንታ ፕሮ) ይጭንበታል፤ ዊንዶውሱ አልበራ፣ ማለትም ፈቃዱ አልረጋገጥ፣ ሲለው «ላይሰንስ የለውም» ብሎ በክራክ (ፈቃድን በሕገወጥ መንገድ በሚያልፍ ፕሮግራም) ያልፈዋል። ገዢው የከፈለበት ፈቃድ ማዘርቦርዱ (የኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንቲቫይረስ አጥፍቶ በተጫነ ክራክ እንዲሠራ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ቁልፉ፣ ማለትም ዊንዶውስን የሚያበራው የፈቃድ ኮድ፣ የት እንዳለ በማሽኑ ዕድሜ ይለያያል። በዊንዶውስ 7 እና ከዚያ በፊት በወጡት ላይ ባለ 25 ሆሄው ቁልፍ ከሥር ወይም ባትሪው በሚገባበት ቦታ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ወረቀቱ ፈዞ ከሆነ ይህን ማወቅ ይጠቅማል፦ በቁልፉ ውስጥ 0፣ 1 እና 5 ቁጥሮች አይገቡም፤ ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ ፊደላትም የሉም። ስለዚህ ዜሮ የመሰለው ምናልባት ኪው ወይም ዲ ነው። ከዊንዶውስ 8 (እ.ኤ.አ. 2012) ወዲህ ግን አምራቾች ቁልፉን ማዘርቦርዱ ውስጥ ይጽፉታል፤ ወረቀቱ ቢኖርም ቁልፍ የለበትም። ሀርድ ዲስኩ ቢጠፋ፣ ቢቀየር ቁልፉ አይነካም። ማዘርቦርዱ ከተቀየረ ግን አብሮ ይሄዳል።

ለማንበብ ፓወርሼልን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍቶ «ሶፍትዌር ላይሰንሲንግ ሰርቪስ» ከሚባለው ውስጥ «ኦኤ3ኤክስ ኦሪጂናል ፕሮዳክት ኪይ» የሚለውን መጠየቅ ነው፦ (Get-CimInstance SoftwareLicensingService).OA3xOriginalProductKey። መጨረሻው ላይ «ዲስክሪፕሽን» (Description) የተጨመረበትን ከጠየቁ ደግሞ ቁልፉ የየትኛው ዊንዶውስ እንደሆነ ይነግራል፦ «ፕሮፌሽናል» ካለ ፕሮ ነው፣ «ኮር» ካለ ሆም ነው፣ «ኮር ሲንግል ላንጉዌጅ» ካለ ደግሞ የአንድ ቋንቋ ሆም ነው፤ የዚህኛው ቁልፍ ተራውን ሆም አያበራም። ቁልፍ አውጪ የሚባሉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች ግን አትመኑ። ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት በ3ቪ66ቲ የሚያልቀውን የፕሮ ወይም በ8ኤችቪኤክስ7 የሚያልቀውን የሆም ቁልፍ ነው። ይህ ለሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት የሆነ መጫኛ ቁልፍ ስለሆነ በራሱ ምንም አያበራም፤ ጽፎ ማስቀመጥም ከንቱ ልፋት ነው።

ትልቁ ወጥመድ ኢንተርፕራይዝ የሚባለው፣ ለድርጅቶች የሚዘጋጀው የዊንዶውስ ዓይነት ነው። ከውጭ ድርጅቶች የወጡ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ኢንተርፕራይዝ ተጭኖባቸው፣ በርቶ ይሸጣሉ። ያ ፈቃድ የድርጅቱ እንጂ የማሽኑ አይደለም። የድርጅቱን ሰርቨር በየጊዜው እየጠየቀ የሚታደስ ከሆነ 180 ቀን ሳያገኘው ሲቀር ይጠፋል፤ ገዢውም ከስድስት ወር በኋላ «ተበላሸ» ብሎ ይመጣል። ከመግዛት በፊት በኮማንድ ፕሮምፕት «ኤስኤልኤምጂአር» ብሎ «ዲኤልአይ» የሚለውን አስከትሎ (slmgr /dli) ማየት ይበቃል፦ «ቮልዩም» የሚል ከወጣ የማሽኑ አይደለም፣ «ኦኢኤም» ካለ የማሽኑ ነው። መፍትሔውም ቁልፍ መግዛት ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን (የድርጅት ማሽን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮ ነው) አንብቦ ፕሮን እንደ አዲስ መጫን ነው።

ፍላሹስ? ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በነፃ የሚወርደው መጫኛ ሆምንም ፕሮንም አንድ ላይ ይዟል፤ ኢንተርፕራይዝ ግን የለበትም። ለድርጅቶች የሚዘጋጀው ደግሞ ፕሮ እና ኢንተርፕራይዝ አለበት፣ ሆም የለበትም። «ያስገቡት ቁልፍ በዚህ መጫኛ ውስጥ ካሉት ጋር አይገጥምም» የሚለው መልእክት፣ ማንም ምንም ቁልፍ ሳያስገባ ብቅ የሚለው፣ ከዚህ ይመጣል፦ መጫኛው የማዘርቦርዱን የሆም ቁልፍ በራሱ አንብቦ ፍላሹ ላይ ሆም አጣ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ፍላሹን ቀይሩ። በፍላሹ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ «ሶርስስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ትልቁን «ኢንስቶል» ፋይል በዲስም (DISM) ትእዛዝ ማስዘርዘር ይቻላል።

በዊንዶውስ 7 ወይም 8 ቁልፍ ዊንዶውስ 10ን ማብራት ከ2023 መስከረም ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ተዘግቷል። ቀደም ብሎ ወደ ዊንዶውስ 10 ከፍ የተደረገ ማሽን ግን ፈቃዱ በማይክሮሶፍት ሰርቨር ከማዘርቦርዱ ጋር ተመዝግቧል፤ ያንኑ ዓይነት ጭኖ፣ ቁልፍ ሲጠይቅ «የለኝም» ብሎ አልፎ፣ ኢንተርኔት ማገናኘት ነው። ዓይነቱ ከተለወጠ አይበራም።

ለትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር የምትልኩ በውጭ ያላችሁ ወገኖች አንድ ነገር ብታደርጉልን ትልቅ ሥራ ታቃልላላችሁ። ሀርድ ዲስኩን ከማጽዳታችሁ በፊት ዓይነቱን አንብባችሁ በእያንዳንዱ ማሽን ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ በፕላስተር ጻፉት፦ «ሆም»፣ «ፕሮ»፣ ወይም «ቁልፍ የለውም»። ሠላሳ ማሽን ሲመጣ በሦስት ቡድን ከፍሎ በትክክለኛው ፍላሽ መጫን ይቻላል። «ቁልፍ የለውም» በተባሉት ላይ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) እንጭናለን፤ ለመጻፍና ለኢንተርኔት ይበቃል።

የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ