ሙያው ይምጣ፣ በሩ ግን አይቆለፍ፦ ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሚሰጡ የሙያ ዘርፎችን በተመለከተ የወላጆች ጥያቄ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እንደምን ከረማችሁ። አራዳ ክፍለ ከተማ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ትማራለች። ስሜን ያልጻፍኩት ልጅቷ ክፍል ውስጥ «የደብዳቤዋ ልጅ» እንዳትባል ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእኔ ብቻ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። በወላጅ ስብሰባ፣ በዕድር፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሳይቀር የምናወራው ነው።

ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃን ከ9ኛ እስከ 12ኛ አድርጎታል። 11ኛ ሲደርሱ ደግሞ ልጆች ናቹራል ወይም ሶሻል ከማለት አልፈው ወደ ሙያም እንዲያዘነብሉ ታስቧል። ግብርና፣ ጤና፣ ኮንስትራክሽን፣ ማኑፋክቸሪንግ፣ አይሲቲ፣ ቢዝነስ፣ ጥበባት። ዝርዝሩ ያማረ ነው። እኔ በበኩሌ ሐሳቡን እደግፋለሁ።

ለምን እንደምደግፈውም ልናገር፣ ኋላ «ወላጆች ለውጥ አይወዱም» እንዳይባል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ብቻ እንይ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፣ እሰየው። ግን ከመቶው ልጅ ዘጠናው አሁንም ውጭ ነው። አንዳንዱ በሪሚዲያል፣ በማካካሻው ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። አንዳንዱ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። የቀረው ቤት ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ የተቃጠለ ሶኬት መቀየር የማይችል ጎረምሳ እኛ ጊቢ ውስጥ አለ። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይምሰላችሁ። ያሳየው ሰው የለም።

ስለዚህ ሙያው ይምጣ። እኛን ያሰጋን ድልድሉ ነው።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ሲሠራ የተማርን ሰዎች ይህን አልፈንበታል። የ10ኛ ክፍል ፈተና ነበር። ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ፣ ለዩኒቨርሲቲ ወደሚያዘጋጀው 11ኛና 12ኛ፣ ገባ። ያልመጣለት «ቴን ፕላስ» ተባለ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3፤ ከ10ኛ በኋላ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሙያ መማር ማለት ነው። «ልጄ ቴን ፕላስ ገባልኝ» ብሎ ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያፈላ ወላጅ እኔ አላየሁም። ሰው ሲጠይቅ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚመለሰው። ከዚያ ውስጥ እኮ ስንት ጎበዝ ኤሌክትሪሻን፣ ስንት ቀያሽ፣ ስንት አካውንታንት ወጥቷል። ግን በሩ ላይ «የወደቀ ይግባ» ተብሎ የተጻፈ ያህል ስለነበር ሙያው አብሮ ተናቀ።

ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ሌላ ነው። በንጉሡ ጊዜ «ኮምፕሬሄንሲቭ» በሚባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ታይፕ፣ ሆም ኢኮኖሚክስ ከቀለም ትምህርቱ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ይሰጥ ነበር። አጎቴ ዛሬም ኪቦርዱን ሳያይ በአሥር ጣቱ ይተይባል። የት ተማርክ ሲባል «ሃይስኩል ነዋ» ነው መልሱ። ታይፕ በመማሩ ዩኒቨርሲቲ አልተከለከለም። እኛም የምንመኘው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ መምህራኑ በእጃቸው በሌለ ነገር እንዲጠየቁ አልፈልግም። ልጄ አንድ ዓርብ ከሰዓት ፎቶ ኮፒ የሆነ ወረቀት ይዛ መጣች። የኮፒ የኮፒ ኮፒ ስለሆነ ሁለተኛው መስመር አይነበብም። «የፍላጎት መሙያ ቅጽ» ይላል። ዘርፎቹ ተደርድረዋል፣ ጎናቸው ሳጥን አለ፣ ከታች የወላጅ ፊርማ። ሰኞ ጠዋት ይመለስ ተብሏል። የትኛው ዘርፍ ምን እንደሚያስተምር አንድ መስመር ማብራሪያ የለም። የትኛው እዚሁ ግቢ፣ የትኛው ሌላ ትምህርት ቤት እንደሚሰጥም የለም። መጨረሻ ላይ ግን «ምደባው በውጤትና በቦታ ይወሰናል» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት። ፍላጎት ሙሉ ተብለን፣ የሚወስነው ውጤት ከሆነ፣ ያው ቴን ፕላስ ተመለሰ ማለት ነው።

በወላጅ ስብሰባው ላይ ጥያቄው ዘነበ። አንዲት እናት ተነሥታ «ለእኔ ልጅ ግብርና ደረሰው ብትሉኝ፣ ያለነው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ የት ሊቆፍር ነው?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ አልሳቀችም። ግብርና ማለት ወተት ማቀነባበርም፣ ዶሮ እርባታም፣ የከተማ ግብርናም እንደሆነ የሚያስረዳ አንድ ባለሙያ እዚያ ቢኖር ኖሮ ሳቁ ወደ ጥያቄ ይቀየር ነበር። ርዕሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ናቸው። «መመሪያው ሲደርሰን እናሳውቃችኋለን» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ?

እንግዲህ መመሪያውን የምታወጡት፣ ወይም ከላይ ሲመጣ ወደ ትምህርት ቤት የምታወርዱት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ጥያቄያችንን ለእናንተ አመጣነው።

ከሁሉ በፊት በሩ። ልጄ 16 ዓመቷ ነው። አምና ፓይለት እሆናለሁ ትል ነበር። ዘንድሮ የልብስ ዲዛይን ሆኗል። ለከርሞ ምን እንደምትል እግዜር ይወቅ። ልጅ ናታ! የሆነ ዘርፍ ገብታ 11ኛ መጨረሻ ላይ «ይኼ የእኔ አይደለም» ብትል ምን ይሆናል? ዓመት ትደግማለች? ወይስ የጎደሏትን የሒሳብና የፊዚክስ ምዕራፎች ክረምት ላይ የምታካክስበት መንገድ ይኖራል? ቢያንስ በ11ኛ የመጀመሪያ መንፈቅ ያለ ምንም ቅጣት መቀየር ይቻል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ደግሞ በሁሉም ዘርፍ እኩል ይሰጡ። ብየዳ የመረጠ ልጅ ሒሳቡ ከቀለለበት፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ ማትሪክ ፊት ሲቀርብ ምን ይዞ ነው የሚቀመጠው? ያን ጊዜ «ራስህ መርጠህ» ሊባል ነው። በ16 ዓመቱ፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ የመረጠውን።

ቀጥሎ የምስክር ወረቀቱ። ትምህርት ቤቶቹ በእናንተ ሥር ናቸው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹ ደግሞ በሥራና ክህሎት በኩል ነው የሚሄዱት። ሥራ ሲፈለግ የሚጠየቀው ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫው፣ ነው። ልጃችን ሁለት ዓመት ኤሌክትሪክ ተምራ 12ኛን ስትጨርስ ለብቃት ምዘና መቀመጥ ትችላለች? በስንተኛ ደረጃ? ኮሌጅ ብትገባ የተማረችው ይያዝላታል ወይስ ከሀ ሁ ትጀምራለች? ሁለቱ ቢሮዎች ተቀምጠው ካልተነጋገሩበት የሚንገላታው ልጁ ነው። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው «እዚያ ሂድ» እየተባለ።

ወርክሾፑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ሐሳብም አለን። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ላብራቶሪ እንኳ እንደልብ የላቸውም። ልጄ ኬሚስትሪ ላብ የገባችው ለጉብኝት ያህል ነው፤ ቁም ሳጥኖቹ ተቆልፈው፣ መምህሯ በመስታወቱ በኩል «ይኼ ቢከር ነው» እያለች። በዚህ ላይ ለየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ የብየዳ ማሽን ቢገዛ መጨረሻው ላስቲክ ለብሶ መቀመጥ ነው። የሚያስተምረውስ ማን ነው? በየዶ የማያውቅ መምህር ብየዳን በፓወርፖይንት ሲያስተምር ይታያችሁ።

እኛ የመሀል ከተማ ሰዎች ግን በዚህ ዕድለኞች ነን። ተግባረ እድ ቴክኒክና ሙያ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሙያ ሲያስተምር ኖሯል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ በኋላ እንጦጦ ቴክኒክና ሙያ ሆኗል። ስድስት ኪሎ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። የአለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሠዓሊ ሲያወጣ የቆየ ነው። ሰንጋ ተራ ላይ የንግድ ሥራ የሚያስተምረው ኮሜርስ አለ። ማሽኑም፣ ቦታውም፣ የሚያውቀው ሰውም እዚሁ በታክሲ አንድ ፌርማታ ላይ ነው። ልጆቹ ቀለሙን በትምህርት ቤታቸው ይማሩ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ደግሞ እነዚህ ግቢዎች ገብተው እጃቸውን ያፍታቱ። ስምምነት መፈራረምና ፕሮግራም ማውጣት ይጠይቃል እንጂ አዲስ ሕንጻ አይጠይቅም። የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎችና የመርካቶ ብረት ቤቶችም አሉ። ትክክለኛ ውል፣ ጓንትና መነጽር ይኑር እንጂ አንድ ልጅ ምናለሽ ተራ በአንድ ወር የሚያየውን ደብተር በዓመት አያሳየውም።

የመንገዱ ነገርም አለ። ከካዛንቺስና ከፒያሳ በልማት የተነሡ ጎረቤቶቻችን ዛሬ ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራና አራብሳ ናቸው። ልጆቻቸውን መሀል ከተማ ማስተማር የቀጠሉ አሉ፤ ጨለማ ሳለ ይነሣሉ። የፈለጉት ዘርፍ ደግሞ ከተማው ሌላ ጫፍ ከሆነ፣ ልጁ የሚመርጠው ሙያውን መሆኑ ቀርቶ የታክሲ ሒሳቡን ይሆናል።

ሴቶቹን አደራ። ሳይታወቅ ሴቶቹ ወደ ምግብ ዝግጅት፣ ወንዶቹ ወደ ብረት እንዳይነዱ።

አንድ የሚያስፈራን ነገር ደግሞ ጮክ ተብሎ አይወራም። ጎበዝ ጎበዙ ተፈትኖ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። መልካም፣ ይግባ። አቅም ያለው ልጁን የግል ትምህርት ቤት አስገብቶ እስከ 12ኛ ናቹራል ያስተምራል። የሙያ ዘርፉ እዚህ ለቀሩት ለእኛ ልጆች ብቻ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር የደሃ ልጅ ዕጣ ተብሎ ይቀራል። የግል ትምህርት ቤቶችስ ይሄው ግዴታ አለባቸው? ካለባቸው ንገሩን። ከሌለባቸው ለምን እንደሌለባቸው ንገሩን። የከተማው ባለሥልጣን ልጅም ከእኛ ልጅ ጋር ሞረድ ይዞ ብረት ሲሞርድ ያየን ዕለት «ቴን ፕላስ» የሚለውን ቃል እኛው ራሳችን እናጠፋዋለን።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። የ11ኛ ክፍል ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሁለት ገጽ ወረቀት አውጡልን። የትኛው ትምህርት ቤት የትኛውን ዘርፍ እንደሚሰጥ፣ መምህሩና ወርክሾፑ ከወዴት እንደሆነ፣ ድልድሉ በምን እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ መቀየር እንደሚቻል፣ በመጨረሻ የሚሰጠው ወረቀት የት የት እንደሚያገለግል ይጻፍበት። በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ በቴሌግራም ገጻችሁም ይውጣ። ያልተዘጋጀ ዘርፍ ካለ «ዘንድሮ አልደረሰም» ተብሎ ይጻፍ፤ አንቀየምም። ልጆቹም ቅጽ ከመሙላታቸው በፊት አንድ ቀን ማሽኖቹን ሄደው ይዩ፣ ይንኩ።

ስብሰባም ጥሩልን። ከተቻለ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። ማክሰኞ ጠዋት ስትጠሩን የምንመጣው ሱቅ ዘግተን፣ ከአለቃ ተጣልተን ነው፤ ያልመጣውን ወላጅ ደግሞ ግድ የለውም ትሉታላችሁ። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቶቻችን ጥያቄዎቹን ሰብስበው ለመምጣት ዝግጁ ናቸው። ቀኑን ብቻ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት 10ኛ ክፍል ተማሪ እናት
አራዳ ክፍለ ከተማ

ግልባጭ፦
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለአራዳ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት