የሲስተም ርክክብ በሰኔ 30 አይወሰን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሰንጋ ተራና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚገኙት ዋና መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ለብዙ ዓመታት ስሠራ የታዘብኩትን አንድ ጉዳይ የትልልቅ ተቋማት ኃላፊዎች እንዲያስቡበት እሻለሁ። አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም የማስገባት ፕሮጀክት ሲጓተት ወይም ሲከሽፍ ወቀሳው ሁልጊዜ በባለሙያዎቹና በኔትወርኩ ላይ ያርፋል፤ በቅርብ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን የተበላሹት፣ ሲስተሙ ሥራ የሚጀምርበትን ቀን የሚወስነው ሥራውን የሚሠራው ክፍል ባለመሆኑ ነው።

የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። ክፍያ ከርክክብ ፊርማ ጋር ስለሚያያዝ፣ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ሲባል ፍተሻው በግንቦትና በሰኔ ይጣደፋል፣ ሥልጠናውም በሁለት ቀን ያልቃል። እኔ በተሳተፍኩበት አንድ ፕሮጀክት የንብረት ክፍል ሠራተኞች ሲስተሙን የነኩት ርክክቡ ከተፈረመ በኋላ ነበር። ዕቃ በከፊል ሲገባ እንዴት እንደሚመዘገብ የጠየቀች ሠራተኛ መልስ አጣች፤ ፍላጎቱ ሲጠና እሷን ያነጋገረ አልነበረምና። ለወራት ቀን ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) በእጇ እየቆረጠች፣ ማታ ወደ ሲስተሙ ስትገለብጥ አይቼ ከልቤ አዝኛለሁ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የደንበኞቹን ሒሳብ በአንድ ጊዜ ወደ አዲስ ሲስተም ሲያዛውር፣ መረጃው በትክክል ቢሻገርም ሲስተሙ ጭነቱን ሊችል አልቻለም፤ እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞችም ሒሳባቸውን ማየት ተሳናቸው። ኋላ በተደረገ ማጣራት፣ ከሁለቱ የዳታ ማዕከላት በጭነት የተፈተነው አንዱ ብቻ እንደነበር ታወቀ። ተቆጣጣሪዎቹ በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥተውታል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ከሥራ ክፍሉ የተመደበ፣ ቀን የማራዘም ሥልጣን ያለው ባለቤት ይኑረው እላለሁ፤ ኮሚቴ ይህን ሊተካ አይችልም። ሲስተሙ በአንድ ቅርንጫፍ ተጀምሮ፣ የዚያ ቅርንጫፍ ስህተት ታርሞ ወደ ሌሎቹ ይሂድ። ከውጭ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜንን በሚያካትት ጊዜ ይሞከር፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ብዙ ሶፍትዌር ያደናግራል። ውሉም የክፍያው የመጨረሻ ድርሻ የሚለቀቀው ቢያንስ የአንድ ሙሉ ወር ሒሳብ በአዲሱ ሲስተም ከተዘጋ በኋላ መሆኑን ይደንግግ፤ በርክክቡ ሰነድ ላይም ሲስተሙን በየዕለቱ የሚጠቀምበት ክፍል ኃላፊ ይፈርም።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከሰንጋ ተራ፣ አዲስ አበባ