ማጣሪያው መቼ ሞላ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የላክሽላት መድኃኒት ተስማምቷታል፤ ጉልበቷ ግን ያው ነው። መቂ ዝናቡ ዘግይቶ ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ ነው።

እሑድ በስልክ ስለ መመረቂያ ጽሑፍሽ ያነሳሽልኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ሁለት ርዕስ አለኝ አልሽኝ። አንዱ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ከውኃ የሚስብ አዲስ ናኖ (እጅግ ደቃቅ) ቁስ ነው፤ ሥራው ላብራቶሪ ውስጥ ያልቃል፣ ቶሎም ለጆርናል ይበቃል። ሁለተኛውን «ገና ያልጠራ ነው፣ መስክ ይበዛበታል» ብለሽ አለፍሽው። «ዘላቂ ልማት» የሚል ቃል ፕሮፖዛል ላይ ካልገባ ገንዘብ አይገኝም ስትይኝ ሳቅን። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 ካጸደቃቸው 17 ግቦች 6ኛው ንጹሕ ውኃ መሆኑን እኔም በካርቶን ጽፌ ክፍል ውስጥ ለጥፌ ነበር። ከሥሩ ተቀምጠው የሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ ጥርሳቸው የበለዘ ነው።

አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ግን የኬሚስትሪ መምህር ጡረታ ቢወጣም አፉ ጡረታ አይወጣም። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፣ ውኃውም ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፤ በእኛ ሸለቆ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። አፍልቼ ልጠጣ ብትዪ እንፋሎቱ ሄዶ ፍሎራይዱ ይቀራል፤ ጭራሽ ይብሳል።

በ2005 ዓ.ም. የመጣልንን የፍሎራይድ ማጣሪያ ባልዲ ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ያኔ 6ኛ ክፍል ነበርሽ። ውስጡ የአጥንት ከሰል ነው ሲባል ሰፈሩ ተንጫጫ። እናትሽ «በጾም የአጥንት ውኃ?» አለች። ጎረቤታችን ሐጂ ደግሞ «የምን እንስሳ ነው? ማን አረደው?» አሉ። ባልዲውን ያመጡት ልጆች ይህን ጥያቄ ጨርሶ አልጠበቁትም። የከብት መሆኑ ተረጋግጦ ቄሱም ሼኩም አይተውት ነው ሰው መጠጣት የጀመረው። ይህ ብቻ አንድ ወር ፈጀ፤ በየትኛውም ሪፖርት ላይ ስለ መስፈሩ ግን እጠራጠራለሁ።

ከሰሉ ራሱ ግሩም ነገር ነው። አየር በተነፈገው ምድጃ የከሰለ አጥንት ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባል ማዕድን አለው፤ ሃይድሮክሳይዱን ለቅቆ ፍሎራይዱን ይይዛል። ሙቀቱ ካነሰ ውኃው አጥንት አጥንት ይላል፣ ከመጠን ካለፈ አጥንቱ ይነጣና የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። እንግዲህ አስቢው፤ የእኛም ጥርስና አጥንት የተሠራው ከዚያው ማዕድን ነው። በባልዲው ውስጥ የሚሆነው በሰውነታችን ውስጥ ይሆን የነበረው ነው። የበሬው አጥንት ስለ እኛ አጥንት ይጠጣልናል። ያ አጥንት ሲጠግብ ግን ተራው የእኛ ነው።

መለኪያ ይዞ የሚመጣው ልጅ ሁለቴ መጣ፣ አንዴ ከሰሉን ቀየረ። ከዚያ ፕሮጀክቱ አለቀ ተባለና ቀረ። ውኃው ያው ጥርት ያለ ነው፣ ጣዕሙም አልተለወጠም። እኛም መቅዳታችንን ቀጠልን።

እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። 10 ኪሎ ከሰል አለ እንበል፣ አንዱ ግራም 2 ሚሊግራም ፍሎራይድ ይይዛል እንበል፤ 20,000 ሚሊግራም መሆኑ ነው። በሊትር 6 ሚሊግራም ያለበት ውኃ በቀን 20 ሊትር ከተቀዳ 120 ሚሊግራም ይገባል። 166 ቀን። ስድስት ወር እንኳ አይሞላም! ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምሰጠው ዓይነት ስሌት ነው፣ ለገዛ ቤቴ ግን አንድ ቀን ብዕር አላነሳሁም። ሁለት ዓመት ጠጣንበት። ወንድምሽ ያኔ ገና ሕፃን ነው፤ ቋሚ ጥርሱ ድዱ ውስጥ የሚሠራበት ዕድሜ። የወተት ጥርሱ ተነቅሎ አዲሱ ሲወጣ እናትሽ መጀመሪያ ያየችው የፊተኛውን ቡኒ ነጠብጣብ ነው። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ገብቷል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ልብ ብለሽ አይተሽው እንደሆን አላውቅም።

ስለዚህ አዲስ የሚስብ ነገር ሲባል ልቤ ብዙም አይሞቅም። የሚስብ ነገር ሞልቷል። ሕንዶቹ ናልጎንዳ በሚሉት ዘዴ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ አማስለው ያዘቅጡታል፤ ግን በየቀኑ ማን ይመጥነዋል፣ ዝቃጩስ የት ይደፋል? ባንግላዴሽን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ከኩሬ ውኃ በሽታ ለማዳን የቧንቧ ጉድጓድ በብዛት ተቆፈረ፤ በ1990ዎቹ ብዙዎቹ አርሴኒክ የሚባል መርዝ እንዳለባቸው ታወቀ። ያኔ የተሠራው ሥራ ደስ ይለኛል፤ እየለኩ መጥፎውን ጉድጓድ ቀይ፣ ደህናውን አረንጓዴ ቀቡት። ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ታየዋለች። የባንግላዴሿ ኩሽቲያ ተወላጅ፣ የአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት አቡል ሁሳምም ብዙ ዓመት በመለካት ከቆየ በኋላ ነው ሶኖ የተባለውን የአርሴኒክ ማጣሪያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 1 ሚሊዮን ዶላር የተሸለመው።

ያ «ያልጠራ» ያልሽው ርዕስሽ፣ ማጣሪያው መሙላቱን ባለቤቷ በዓይኗ እንድታይ ማድረግ፣ የእኛ ቤት ጥያቄ ነው። ቀለም የሚቀይር ነገር ይሁን፣ የተቀዳውን ጀሪካን የሚቆጥር ነገር ይሁን፣ ከሰሉን በየጊዜው የሚቀይር በደመወዝ የተቀጠረ የሰፈር ልጅ ይሁን፣ እሱ የአንቺ ሙያ ነው። አልጫንሽም። አማካሪሽ መመረቂያሽ ይዘገያል ካሉሽ እሳቸውም እውነት አላቸው፤ የቤት ኪራይሽንም አልረሳሁም።

ለማንኛውም ለፋሲካ ስትመጪ ከላብራቶሪያችሁ የፍሎራይድ መለኪያ የሚያውሱሽ ከሆነ ይዘሽ ነይ። ከቦኖው፣ ከሐጂ ግቢ ጉድጓድና ከቤታችን የቀዳሁትን ውኃ ምልክት አድርጌ አስቀምጫለሁ። ሁሉም በፕላስቲክ ነው፣ በጠርሙስ አይደለም፤ ያንን እንኳ አልረሳሁም። አሮጌው ባልዲም አለ፣ እናትሽ ጤና አዳም ተክላበታለች። ከሰሉን ግን በማዳበሪያ ከረጢት ለብቻው አስሬ አኑሬልሻለሁ።

አባትሽ