ድሬዳዋ ተገናኝተን ወደ ቁልቢ ተራራ እንወጣለን

ውድ ቤተዘመዶቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የዘንድሮው መሰባሰባችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በታላቋ አክስታችን ግቢ ነው። ቀኑ ከታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በኋላ ያለው ቅዳሜ ነው። በንግሡ ሰሞን መኪናም አልጋም ስለማይገኝ ትንሽ ገፋ አድርገነዋል። ጾመ ነቢያት ስላልተፈታ ምግቡ ሁሉ የጾም ነው። ከሐረር የሚመጡት ሙስሊም ዘመዶቻችንም ከኛው ጋር ከአንድ መሶብ ይበላሉ። ይሄ እኔን በጣም ደስ ብሎኛል።

እሁድ ጠዋት በደንገጎ አድርገን ቁልቢ እንወጣለን። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው፣ ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ። ቅድመ አያቶቻችን ያረሱት እዚያው ተራራ ላይ ነው። በ1895 ባቡሩ ድሬ ሲደርስ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ቆላ ወረዱ። እኛም የድሬ ልጆች ሆነን ቀረን። የድሬን ሙቀት አምናችሁ በካናቴራ እንዳትመጡ፤ ላይ ብርድ ነው። ጋቢ ያዙ።

አንድ አደራ አለኝ። ሰባት ቤት የሚቆጥሩልን ሽማግሌዎች እያነሱ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ድምፃቸውን በስልክ ቅዱ። የሟቾችን የክርስትና ስም መጠየቅ እንዳትረሱ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታውቀው በሱ ነው፣ በዓለም ስሙ ብቻ ብንፈልገው ላናገኘው እንችላለን።

የድሮ ፎቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ጀርባው ላይ ማን እንደሆነ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ አይሁን፣ ቀለሙ ወደ ፎቶው ፊት ያልፋል።

ስንት ሆናችሁ እንደምትመጡ ከንግሡ በፊት አሳውቁን፤ መኪና የምንከራየው በዚያ ልክ ነው።