ደረሰኙ እጃችን ላይ ነው፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የፍትሕ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

የእህቴን ልጅ ከሊቢያዋ ከተማ ከባኒ ወሊድ አጋቾች እጅ በገንዘብ ያስለቀቅሁ አጎት ነኝ። ስልክ ሲደወል መጀመሪያ የሚሰማው የልጁ ጩኸት ነበር። እህቴ ላሞቿን ሸጠች፣ ዕቁብ አስቀድማ ወሰደች፣ ጎረቤት አዋጣላት። ልጁ የታገተው ሊቢያ ነው፤ ገንዘቡ የገባው ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው። የባለ ሒሳቡ ስም ደረሰኙ ላይ ተጽፏል።

ደረሰኙን ይዤ በአካባቢያችን ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «ወንጀሉ የተፈጸመው ሊቢያ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ብለው መለሱኝ።

ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በእጃችሁ ነው። ከወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ ደግሞ ገንዘቡን ተከታትሎ ለማገድ ሥልጣን ይሰጣል፤ ፍርድ ቤት ሲፈቅድ የባንክ ሒሳብን መከታተልም ይቻላል። የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎትም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ክልል ከክልል፣ አገር ከአገር የተሳሰረን ወንጀል የወረዳ ፖሊስ ብቻውን አይፈታውም፤ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው።

የኪዳነ ዘካርያስን ጉዳይ ያስታውሱ። በሊቢያ ስንቱን ያሰቃየ ሰው በ2012 አዲስ አበባ ላይ የተያዘው፣ ቀድሞ በእሱ እጅ ታግቶ የነበረ አንድ ስደተኛ መንገድ ላይ ስላወቀው ነው። የካቲት 2013 ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ ሱዳን ውስጥ እንደገና እስኪያዝ ሁለት ዓመት ገደማ አለፈ። ያን የሚያህል ሰው በአንድ ስደተኛ ዓይን ከተያዘ፣ ስም፣ ቀንና የሒሳብ ቁጥር ያለበት ወረቀት ምን ያህል በሠራ ነበር!

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። የታጋች ቤተሰብ የትኛውም ፖሊስ ጣቢያ ቢያመለክት ማመልከቻው ተመዝግቦ በዚያው ቀን ለፌዴራል መርማሪዎች ይተላለፍ። ገንዘቡ ከሒሳቡ ሳይወጣ እግድ ይጠየቅ። አጋቾቹ ገንዘቡን ወዲያው ስለሚያወጡት አንድ ቀን እንኳ ብዙ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ቤቱ ገብቷል፤ ማን ገንዘብ እንደተቀበለ፣ ማን ከድንበር እንዳሻገረው ያውቃል። ሆኖም የደላላው ቤተሰቦች የሚኖሩት እኛው ሰፈር ነው። በአዋጅ ቁጥር 699/2003 ለምስክሮች የተፈቀደው ጥበቃ ከተሰጠው፣ ነገ ጠዋት ቀርቦ ለመመስከር ዝግጁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከደሴ