ኳስሽ እኔ ጋ ነው

እህትዓለሜ፣

እንዴት ነሽ? ደህና ከረምሽልኝ? ይህን ስታነቢ ግራ ቅንድብሽ ብቻውን ወደ ላይ ሲወጣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ይውጣ። መብትሽ ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ። አሁኑኑ ልበለው፣ አለዚያ ደብዳቤው ሙሉ ይቅርታ ሆኖ ያልቃል። መልእክትሽን አይቼዋለሁ። ያየሁት በደረሰበት ደቂቃ ነው። ስለዚያ ሌሊት የቤዝቦል ጨዋታ «እያየሽ ነው?» ነበር ያልሽው። ሁለት ቃል። እያየሁ ነበር። ኢኒንጉ፣ ዙሩ፣ ይለቅና እመልስላታለሁ ብዬ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ኢኒንጉ አለቀ፣ ሌላው ተጀመረ። ያ ጨዋታ ደግሞ አላልቅም ያለ ጨዋታ ነበር። በዘጠኝ ማለቅ ሲገባው 18 ኢኒንግ! ስድስት ሰዓት ከ39 ደቂቃ! የዶጀርሱ ፍሪማን ኳሷን በመሃል በኩል ከአጥሩ ባሻገር ሲልካት፣ ሆም ረን ሲያደርጋት፣ ጮህኩ። ወዲያው ስልኬን አነሳሁ። «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብትለኝስ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱ አፈርኩ። በሳምንቱ ደግሞ የበለጠ አፈርኩ። ወር ሲሞላ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ጀምሬያለሁ። እናቴም ደህና ናት፣ ስምሽን ታነሳለች። ሌላውን ስንገናኝ እነግርሻለሁ። አሁን የጻፍኩልሽ ሌላ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው፤ ካንቺ በቀር የማማክረው ሰው የለኝም።

የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ልገባ ነው!

አዎ፣ እውነተኛ ቡድን። በሙያቸው የሚጫወቱ አይደሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፣ ሴትም ወንድም። በዚያ ሳልፍ ካቸሯ፣ የሚወረወረውን ኳስ የምትቀበለው፣ የጉልበቷን መከላከያ ስታስር አየኋት። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል፣ ከታች ወደ ላይ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከዚያ ሄጄ «እኔም መግባት እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ልናገር ብዬ አስቤ አይደለም፣ ምላሴ ቀደመኝ። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ።

አንድ ልማድ ብቻ አላቸው። አዲስ የገባ ሰው ማውንዱ፣ ኳስ የሚወረወርበት ጉብታ፣ ላይ ይወጣና ራሱን ያስተዋውቃል። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቤዝቦልን ለምን እንደወደደ ይናገራል። ከዚያ አንድ ኳስ ለካቸሯ ይወረውራል። በቃ፣ የቡድኑ ሰው ሆነ። የእኔ ተራ የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ስሜን እናገራለሁ። 22 ዓመቴ ነው እላለሁ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ቃል ያጥረኛል።

መስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ በቁጥር ጀመርኩ። ሀንክ አሮን፣ 755 ሆም ረን። የጥቁሮችን እገዳ የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1947፣ ለብሩክሊን ዶጀርስ የመጀመሪያ ጨዋታው። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ 42 ቁጥሩ በሁሉም ቡድን ለክብሩ ሲቀመጥ። ኦታኒ በ2024 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ በአንድ ሲዝን 54 ሆም ረንና 59 የተሰረቀ ቤዝ፣ ኳስ ሳይመታለት ሮጦ የያዘው ማረፊያ። ሁሉም ልክ ነው። በእንቅልፍ ልቤ ብትቀሰቅሺኝም እነግርሻለሁ። ግን ራሴን ሳዳምጠው እኔ የለሁበትም። ማንም ሰው ሸምድዶ ሊለው የሚችለው ነገር ነው።

ከዚያ ሌላ ሞከርኩ። «ይህ ጨዋታ ሰዓት መግደል የማይቻልበት ጨዋታ ነው» አልኩ። ይኼኛው ትንሽ ቀረብ ይላል። ፒቸሩ፣ ወርዋሪው፣ ላይ ከ2023 ጀምሮ ሰዓት መቁጠሪያ ቢያደርጉበትም ጨዋታው ራሱ ሰዓት የለውም። አሥር ለዜሮ ብትመሪም ኳስ ይዘሽ ጥግ ላይ መቆም አትችይም። 27ኛውን አውት ማግኘት፣ 27 ጊዜ መቺ ወይም ሯጭ ማስወጣት፣ አለብሽ። ኳሷን ለተጋጣሚሽ ወርውረሽ፣ ዕድል ሰጥተሽው ነው የምታሸንፊው። ይህን ሳስብ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይሞቀኛል። ግን ይህንንም ከማን ሰማሁት? ካንቺ።

ችግሬ ይኸው ነው። የትም ብጀምር አንቺ ጋ እደርሳለሁ።

ቆርኪዎቹ ትዝ ይሉሻል? አራት ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ቤዞች፣ ሁለት የሹራብ ቁልፍ ደግሞ ሯጮች። አንዱን ቁልፍ አንደኛ ቤዝ፣ ሌላውን ሁለተኛ ቤዝ አደረግሽው። «አሁን ባተሩ፣ መቺው፣ ኳሷን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ሰቀላት በይ» አልሽኝ። «ሯጮቹ ምን ያደርጋሉ?» ባሉበት ይቆማሉ አልኩ፣ ከተያዘች ወደ ቤዛቸው መመለስ አለባቸዋ። «ጎበዝ። ተከላካዩ ተንኮለኛ ከሆነስ? ሆን ብሎ ቢጥላትስ?» ቁልፎቹን አየኋቸው። ባተሩ ከኋላ ስለሚመጣባቸው የቆሙት ሯጮች በድንገት መሮጥ ሊኖርባቸው ነው። አይደርሱም። በአንድ ተንኮል ሁለት ሰው አውት። «ይሄማ ግፍ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አንቺ ሳቅሽና ጣትሽን ወደ ላይ ቀሰርሽ። ኳሷ ገና አየር ላይ እያለች ዳኛው እጁን ያነሳል፣ ባተሩ አውት ነው ይላል፣ ተንኮሉ ዋጋ አጣ። ኢንፊልድ ፍላይ። በፈረንጆቹ ከ1895 ጀምሮ ያለ ሕግ።

እኔ ቤዝቦልን የወደድኩት እዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። ሆም ረን አይቼ አይደለም። አንድ ሕግ፣ ተንኮሉ ሳይፈጸም፣ ኳሷ ሳትወድቅ ቀድሞ ሲደርስ አይቼ ነው። አንቺ ደግሞ ከደስታሽ ብዛት እጅሽን ስታወናጭፊ ሦስተኛ ቤዝን መሬት ላይ ጣልሻት። ተንበርክከን ስንፈልጋት ቆየን፤ እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ሰው ካንቺ ሌላ አላውቅም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማውንድ ላይ ቆሜ እንዴት ልበለው? ቆርኪ ይዤ ልሂድ?

አሁን ደግሞ ከባዱን ልንገርሽ። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ።

ኳስሽ እኔ ጋ ነው።

ዕቃሽን ስትሸክፊ የፈለግሻት ኳስ። አልጋ ሥር ገብተሽ፣ ካርቶኖቹን ሁሉ ገልብጠሽ። እኔም አብሬሽ ፈለግኩ። ትራሱን ሳይቀር እያነሳሁ «የት ሄደች?» አልኩሽ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ለምን እንደወሰድኳት ያን ቀን ብትጠይቂኝ መልስ አልነበረኝም። ልትሄጂ ነበር፣ ካንቺ የሆነ ነገር እንዲቀርልኝ ፈለግኩ፣ ስጪኝ ማለት ደግሞ አቃተኝ። ብጠይቅሽ ትሰጪኝ እንደነበር አውቃለሁ። እሱ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ አጠገቤ ናት። ነጩ ቆዳ ወደ ሻይ ቀለም ሄዷል። ቀዩን ስፌት በጥፍሬ እየተከተልኩ ቆጥሬዋለሁ፣ እንዳልሽው 108 ድርብ ስፌት ነው። አንዱ ላላ ብሏል፣ አመልካች ጣትሽ የሚያርፍበት ጋ። የፈረስ ኮቴ የሚመስለው ስፌት ላይ ሁለቱን ጣቶች በአግድም አድርጊ፣ አውራ ጣት ከሥር፣ መዳፍሽ ኳሷን እንዳይነካት ትዪኝ ነበር። እንደዚያው ነው የምይዛት። ጣቴ ሁልጊዜ አንቺ ባላላሽው ስፌት ላይ ነው የሚያርፈው።

በእሷ እየተለማመድኩ ነው። ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሳጥን ሳልኩ፣ ቁመቱ ከጉልበቴ እስከ ደረቴ። ከማውንድ እስከ ሆም ፕሌት፣ መቺው እስከሚቆምበት፣ ያለውን 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ በሜትር ለክቼ ምልክት አደረግኩ። ከስክሪን ሲያዩትና እዚያ ሲቆሙ አንድ አይደለም፣ እህቴ። በጣም ሩቅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ኳሷ ግድግዳው ጋ ሳትደርስ መሬት መታች። ትናንት ከሃያው ዘጠኙ ሳጥኑ ውስጥ ገቡ። ትከሻዬ እየተቃጠለ ነው ያለው፣ ግን እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚህ መሃል አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጋላራጋን ታስታውሺዋለሽ፣ የዲትሮይቱን ፒቸር። በ2010 ነው፣ በፈረንጆቹ። 26 ሰው በተከታታይ አውት አድርጎ ለፐርፌክት ጌም፣ ማንም ቤዝ ሳይደርስበት ለሚያልቅ ጨዋታ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል። 27ኛው ሰው መሬት ለመሬት መታት፣ ጋላራጋ ራሱ አንደኛ ቤዝ ላይ ደርሶ ተቀበላት፣ ሯጩን በግልጽ ቀደመው። ዳኛው ጂም ጆይስ «ሴፍ» አለ፣ ሯጩ ቀድሞ ደርሷል ማለቱ ነው። ተሳስቶ። ጋላራጋ ፈገግ አለና ወደ ማውንዱ ተመለሰ። ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለዚያ ፈገግታ ነበር። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ ግን ዳኛው ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ቪዲዮውን አየ፣ እንደተሳሳተ ገባው፣ በዚያው ዕለት ፒቸሩን አግኝቶ እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀው። ቀን አላሳደረም። በማግስቱ ጋላራጋ የተሰላፊዎቹን ዝርዝር ይዞ ሆም ፕሌት ድረስ ሄዶ ለዚያው ዳኛ አስረከበው፣ ዳኛው እንባውን እየጠረገ ተቀበለው። ውጤቱ አልተቀየረም። ፐርፌክት ጌሙ እስከዛሬ አልተመዘገበም።

እኔ ግን ብዙ ቀን አሳደርኩ። በመልእክትሽም፣ በኳስሽም።

አሁን የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅዳሜ በኳስሽ ልወርውር ወይ? አይሆንም ካልሽ ዳግም ሳልወረውራት በፖስታ እልካታለሁ፣ አልቀየምም። ሌላ ኳስ አላቸው። ግን በእሷ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሁለተኛውን ለመጠየቅ ትንሽ እፈራለሁ። ያሰብኩት ንግግር ይህ ነው፦ «22 ዓመቴ ነው። ስታዲየም ገብቼ አንድም ጨዋታ አላየሁም። ቤዝቦልን በአራት ቆርኪና በሁለት ቁልፍ ያስተማረችኝ ጓደኛዬ ናት፣ ይህችም ኳስ የእሷ ናት።» ይኼው ነው። ከዚያ እወረውራለሁ። መስታወት ፊት ስለው ድምፄ የማይንቀጠቀጠው ይህን ስል ብቻ ነው። ግን «ጓደኛዬ ናት» ማለት እችላለሁ? ወይስ «ነበረች» ልበል? ያልተፈቀደልኝን ቃል ይዤ ማውንድ ላይ መውጣት አልፈልግም። አንቺ ንገሪኝ፣ ያልሽውን እላለሁ።

እስከ ዓርብ ማታ ስልኬ ከእጄ አይለይም።

ደግሞ ለጥያቄሽ መልስ አልሰጠሁሽም። አዎ፣ እያየሁ ነበር። ከመጀመሪያዋ ኳስ እስከ መጨረሻዋ። ያ ዊል ክላይን፣ ቡልፔኑ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ተቀያሪ ፒቸር፣ አራት ኢኒንግ ሙሉ አንድ ነጥብ ሳይቆጠርበት 72 ኳስ ሲወረውር መቀመጥ አቅቶኝ ቆሜ ነው ያየሁት። አንቺስ ቆመሽ ነበር?

ያንቺው፣
ኳስሽን የያዘችው