የፎቶግራፍ ክበብ ዘገባ፦ ሰባት ስልክ፣ አንድ ነጠላና አንድ ጨለማ ክፍል

ጥቅምት ላይ የምዝገባ ወረቀት ስንለጥፍ 31 ተማሪዎች ስማቸውን ጻፉ። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁሉም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ቲቸር፣ ካሜራው የታለ?» ካሜራ አልነበረንም። ለክበቡ የተመደበ በጀትም አልነበረም። ስማርት ስልክ ማምጣት የቻሉት 7 ተማሪዎች ናቸው፤ ከሰባቱም ሁለቱ ስልኮች የእናትና የታላቅ ወንድም ስለሆኑ ከቅዳሜ በቀር አይገኙም። ርዕሰ መምህራችን ስልክ ወደ ግቢ እንዳይገባ የሚከለክለውን ደንብ ለቅዳሜ ጠዋት ብቻ አነሱልን። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው በዚህች ፈቃድ ነው፤ ስለ ክበቡ ሁሉ አመሰግናቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት እኔ አበላሽቻቸዋለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝና ነገሩን ከቁጥሩ ጀመርኩት፤ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) እያልኩ ሰሌዳውን ሞላሁት። ልጆቹም እንደ ሌላው ትምህርት ሁሉ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። በአምስተኛው ሳምንት የመጡት 16 ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ልጆች ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው አሁንም ይቆጨኛል። ካሜራ አጥተው አይደለም የሄዱት፤ በዓይናቸው የሚያዩት ነገር ሳላሳያቸው ቀርቼ ነው።

ኅዳር ላይ ሰሌዳውን ትተን አንድ ክፍል ካሜራ አደረግን። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለችው ክፍል ሁለት መስኮት ብቻ ስላላት እሷን መረጥን። ከሱቅ በለመንነው የብስኩትና የዘይት ካርቶን መስኮቶቹን ሸፈንን፣ ብርሃን የሚያሾልከውን ስንጥቅ ሁሉ በጥቁር ፌስታልና በፕላስተር ደፈንን፣ የበሩን ሥር በጋቢ ጠቀጠቅን። ከዚያ ሜዳውን የሚያየው መስኮት ካርቶን ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ በሳን። መጀመሪያ ምንም አልታየም፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ቆይቶ አንዱ ልጅ «ግድግዳው ላይ ባሕር ዛፍ አለ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ነበር። ባሕር ዛፉ በአናቱ ተተክሎ፣ ሰማዩ ከታች፣ ሜዳው ከላይ ሆኖ፣ ባንዲራችን ከነቀለሟ ወደታች ተዘቅዝቃ ስትውለበለብ ግድግዳው ላይ አየናት። ውጭ የቆመ ጓደኛቸው ሲሮጥ ጣሪያው ሥር በአናቱ ሲሮጥ ታየ። ልጆቹ ለመውጣት እምቢ አሉ፤ የምሳ ሰዓት አለፈ።

ምስሉ ግን ብዥ ያለ ነበር። ቀዳዳውን በሌላ ካርቶን ሸፍነን የሽንብራ ፍሬ ያህል አደረግነው። ቅርንጫፉ ከቅርንጫፍ ተለየ፤ ክፍሉ ደግሞ በዚያው ልክ ጨለመ። ለምን እንደሆነ ያብራሩልኝ እነሱ ናቸው። ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ከዛፉ ጫፍ የመጣው ጨረር በቀዳዳው አልፎ ግድግዳው ሥር ያርፋል፣ ከግንዱ የመጣው ወደ ላይ ይወጣል። ቀዳዳው ሲሰፋ ከአንድ ነጥብ የመጣው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሰፊ ክብ ይሠራል፣ ክቦቹ ይደራረቡና ምስሉ ይደበዝዛል። ይህን ነገር የብርሃን ሊቁ ኢብን አል ሀይሰም ካይሮ ተቀምጦ ካጠናው 1,000 ዓመት ያህል ሆኖታል። ምስሉን ማስቀረት የተቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ነው፤ ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒየፕስ ከመስኮቱ የሚታየውን ጣሪያ በብረት ሰሌዳ ላይ ለማስቀረት ካሜራውን ለብዙ ሰዓታት ከፍቶ መተው ነበረበት።

ከዚያ ቀን በኋላ የሰሌዳው ቁጥርም ነፍስ ዘራ። የትኩረት ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር በሆነ ሌንስ ላይ ኤፍ 2 የሚባለው የአፐርቸር ቁጥር ማለት 50 ለ2 ሲካፈል የሚገኘው፣ 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው፤ ኤፍ 16 ደግሞ 3 ሚሊሜትር ገደማ፣ ከሽንብራችን ያነሰ። ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ለምን እንደሚጠብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሰሌዳ ያልገባቸው፣ ከጨለማው ክፍል ወጥተው እርስ በርስ ሲያስረዱ ሰማኋቸው። አብዛኛው ስልክ ላይ ቀዳዳው አይለወጥም፤ ስልኩ ብርሃኑን የሚመጥነው በሹተር ጊዜና በአይኤስኦ ነው። ስለዚህ ስልክ የያዘ ጀማሪ ከሁሉ በላይ በእጁ ያለው ነገር የት ቆሞ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ብርሃን እንደሚያነሳ መምረጥ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለ16 ተማሪ 7 ስልክ ስለነበረን ሕግ አወጣን፤ አንድ ተማሪ በአንድ ቅዳሜ 12 ፎቶ ብቻ ያነሳል፣ መሰረዝ አይፈቀድም። ቁጥሩን የወሰድነው 120 ከሚባለው ፊልም ነው፤ እኩል ጎን ያለው ምስል በሚያነሳ ካሜራ ውስጥ ሲገባ 12 ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። መጀመሪያ አጉረመረሙ። አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን 12ቱንም በእናቱ ጀበና ላይ ጨረሰ። ብርሃኑን ከጀርባው አድርጎ ሲያነሳ ጀበናዋ እንደ ጥቁር ወረቀት ጠፍጣፋ ሆነች። ብርሃኑ ከጎን ሲሆን የሸክላው ሆድ ክብነት ወጣ። ዞሮ ብርሃኑን ፊት ለፊት ሲያደርገው ደግሞ በሌሎቹ ላይ ፈጽሞ ያልታየው እንፋሎት ነጭ ሆኖ ከአፏ ሲወጣ ታየ። እነዚያን 12 ፎቶዎች በተራ ደርድሬ ለክፍሉ ያሳየሁበት ቅዳሜ ከዓመቱ ሁሉ ምርጡ ትምህርታችን ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያስተማረውም እሱ ነው።

ስልኩን በተመለከተ የተከተልናቸው ጥቂት ልማዶች አሉ። ከማንሳታችን በፊት ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ወዝ ስለሚይዝ ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል። በሁለት ጣት ስበን አናቀርብም፣ በእግራችን እንቀርባለን። ስክሪኑ ላይ ዋናውን ነገር ነክተን ብርሃኑን በጣት ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን። በጨለማ ደግሞ ትንሽ ከረጢት ምስር ሞልተን ስልኩን እላዩ ላይ አስደግፈን የሰዓት ቆጣሪውን እንጠቀማለን፤ ትራይፖዳችን (የካሜራ መቆሚያችን) ይኸው ነው።

የሰው ፊት ማንሳት ስንጀምር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አያቷን ለማንሳት ወሰነች። እኔ እንዳስተማርኳት መስኮት አጠገብ በጎን አስቀመጠቻቸው። አያቷ እምቢ አሉ። «በአንድ ዓይን የሚሣል ሰይጣን ነው፤ እኔን በሁለት ዓይኔ አንሺኝ» አሏት። ልጅቷ ስትነግረን ሌሎቹ ሳቁ፣ እኔ ግን አፈርኩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ አድጌ፣ በአገራችን የአሣሣል ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ እያወቅሁ፣ የጎን ፊት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አንዴም አላሰብኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ መፍትሔ ፈለግን። ሰውየው ፊቱን ወደ ካሜራው ያዞራል፣ መስኮቱ ግን ከፊቱ በስተግራ ሰያፍ ይሆናል። በስተቀኝ በኩል አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ይይዛል። የመስኮቱ ብርሃን ከነጠላው ነጥሮ ጥላ ያለበትን ጉንጭ ያለሰልሰዋል፤ ሁለቱም ዓይኖች ይበራሉ፣ የፊቱ ቅርጽም አይጠፋም። ፀሐይ በቀጥታ በመስኮት ሲገባ ያንኑ ነጠላ መስኮቱ ላይ ስንሰቅለው ብርሃኑን ያለሰልስልናል። ለዚሁ ሥራ ብለው የሚሸጡ ዕቃዎች አሉ፤ እኛ ግን አላስፈለጉንም። አያቷ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በሁለት ዓይናቸው፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ልጅቷ ከ12ቱ 5 ብቻ አንስታ «በቃኝ» ብላ መለሰችልን።

ከዚያ ነው እዚሁ ጎንደር ወዳለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የሄድነው። ጣሪያውን የሞሉት ባለክንፍ የመላእክት ፊቶች ሁሉም በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ወደ ታች ያያሉ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ ቀለሙን እንዳይጎዳ ፍላሽ አይፈቀድም፤ ስለዚህ አይኤስኦ ከፍ ሲል ፎቶው እንዴት አሸዋ አሸዋ እንደሚል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ እጅ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው እዚያ አየን። የምስሩ ከረጢት ሥራውን ሠራ።

ፋሲል ግቢ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ገባን። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን በላይ ትቆማለች። እኛም ሆን ብለን በዚያው ሰሞን ከቀኑ 6 ሰዓት ሄድን። የሰው ዓይን በጥላ ተውጦ ጥቁር ጉድጓድ ሆነ፣ የግንቡ ግድግዳ ምንም ቅርጽ የሌለው ሆኖ ቀረ። በ10 ሰዓት ተኩል ተመልሰን ያንኑ ግድግዳ ስናነሳ ጎን ለጎን የምትመጣው ፀሐይ የእያንዳንዱን ባሳልት ድንጋይ ጠርዝ አወጣችው። ከ1636 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቆመው ከተማ የሚወለድ ልጅ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል፤ ከተማሪዎቼ አንዱ ግን ግድግዳው ሸካራ መሆኑን ያየው ያን ዕለት መሆኑን ነገረኝ።

ጥምቀትን በተመለከተ ብዙ የምለው የለም። 12 ፎቶ ለጥምቀት ያንሳል ብለው ተከራክረውኝ ነበር፤ የመጣው አብዛኛው ፎቶ ግን የሰው አናት ብቻ ነው። ከሁሉ የተሻለው ከበዓሉ ማግስት በፋሲል መዋኛ የተነሳ ነው፤ አጥሩን ጨብጦ የያዘው የዛፍ ሥርና ሥሩ ላይ የተረሳ አንድ እርጥብ ነጠላ።

ገንዘባችንን ያዋልነው ማተሚያ ላይ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በወር 10 ብር ያዋጣ ነበር። ካሜራ እንግዛ የሚሉ ነበሩ፤ እኔ ፎቶ ወረቀት ላይ ካልወጣ አላለቀም ብዬ ስለማምን ተከራክሬ አሳመንኳቸው። ፒያሳ ፎቶ ቤት ያሳጠብናቸው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ጨልመው መጡ። የስልካችንን ስክሪን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍተን ስናፕሲድ በተባለው ነፃ መተግበሪያ እናስተካክል ስለነበር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስክሪኑን ግማሽ ላይ አድርገን ነው የምንሠራው። ሁለተኛው ችግር ቴሌግራም ነበር። ፎቶን እንደ ተራ ፎቶ ስንልክ ያሳንሰዋል። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ጥሩ ኅትመት 1,181 በ1,772 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ገደማ ይፈልጋልና አሁን የምንልከው እንደ ፋይል ነው። ቅዳሜ ገበያ ሳንጠይቅ ማንንም አናነሳም፤ ያነሳነውን ሰው ደግሞ ፎቶውን አሳትመን በሚቀጥለው ሳምንት እንወስድለታለን። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት መጀመሪያ እጃቸውን ዘርግተው ከልክለውን ነበር፤ ለጎረቤታቸው ያመጣነውን ፎቶ ካዩ በኋላ ራሳቸው ጠሩን።

መጋቢት ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ካኖን 1100ዲ አዋሰን። በደስታ ተቀበልነው፤ ለጀማሪ አሁንም ይበቃል። ያገለገለ ካሜራ ለመግዛት ያሰበ ወላጅ ካለ የምመክረው ይህን ነው፤ ሌንሱን በባትሪ እያበሩ ውስጡ ሻጋታ እንዳለ ይመልከቱ፣ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተነካ ይጠይቁ፣ ገንዘብ ከተረፈ አዲስ ካሜራ ከመመኘት 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ይፈልጉ። ክረምቱን ደግሞ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር ያስቀምጡት።

ከ16ቱ 9ኙ ሴቶች ናቸው። አንዷ ቤቷ «ካሜራ የሴት ሥራ ነው ወይ?» እንደተባለች ስትነግረኝ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን የፎቶግራፍ አንሺዋን የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች አሳየኋት። ለአባቷ እንድታሳያቸው ስልኩን ይዛ ሄደች።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ 48 ፎቶዎችን በሲባጎና በልብስ መቆንጠጫ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሰቀልን። የ10ኛ ክፍል ተማሪዋ አያት መጡ። ፎቶአቸው ፊት ረዥም ጊዜ ቆመው፣ መቆንጠጫውን ራሳቸው ፈትተው ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ወሰዱት። ኤግዚቢሽኑ ገና አንድ ቀን ይቀረው ነበር፤ ያን ቦታ ባዶውን ተውነው።

ምዝገባ ጥቅምት ላይ ነው። ስልክ የሌላችሁም ኑ። የመስኮቱ ካርቶን ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ቀዳዳው የሽንብራ ፍሬ እንዳከለ ነው።